ለሹሩባ እስኪደርስ

እዚህ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እጄ አርፎ አያውቅም። የዶርሜ ልጆች ፀጉራቸውን ታጥበው፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። እኔም ደስ ይለኛል። አንደኛ ዓመት ተማሪ ከየአገሩ በመጣ ሰው መሃል ሲገባ የሚወደድበት አንድ ነገር ያስፈልገዋል፤ የእኔ ሹሩባ ሆነልኝ። በተለይ አጭርና ስስ ፀጉር ያላቸው፣ ሌላ ሠሪ «ይሄማ አይያዝም» ብላ የመለሰቻቸው፣ ወደ እኔ ይመጣሉ። ማን እንዳስተማረኝ ሲጠይቁኝ እናቴ እላለሁ፤ አጭሩ መልስ እሱ ስለሆነ ነው። ትክክለኛው መልስ ረዘም ይላል። የተማርኩት በአንድ ራስ ላይ ነው፤ በአክስቴ ራስ።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ቤታችን አሰበ ተፈሪ፣ ከአስፋልቱ ወደ ገበያው በሚያወርደው መንገድ ላይ ነበር፤ ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ። አባቴና እናቴ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚያ ቀሩ፤ እኔና ወንድሞቼ እዚያው ተወለድን። አክስቴ ግን የመጣችው ካደገች በኋላ ነው፤ ቀን ሱቅ እንድታግዝ፣ ማታ እንድትማር ተብላ። በዕድሜ ከእኔ ብዙ አትርቅም። አንድ አልጋ ላይ ስለምንተኛ እህቴ ብላት ይቀለኝ ነበር፤ እሷ ግን አክስት መባሉን ትወደዋለች። «አክስትሽ ነኝ፣ ውኃ ቅጂልኝ» ትለኛለች። እኔም እቀዳለሁ።

ፀጉሯ ያኔ ሲፈታ ወገቧን ይነካ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ለጁምዓ ትታጠባለች። ሳሙና በቀበሌው ሱቅ በወረፋ የሚገኝበት ጊዜ ስለነበር የምትታጠበው በቁርቁራ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ከቆላው፣ ከሚኤሶ በኩል ይመጣል። ደርቆ ይወቀጣል፤ በለብ ያለ ውኃ ሲበጠበጥ አረፋ ያወጣል፤ ፀጉሩን ሳያደርቅ ፎረፎሩን ያጥባል። እኔ ከበስተኋላ ቆሜ በጣሳ አፈሳለሁ። ውኃው ሲንጠፈጠፍ፣ ፀጉሩ እርጥብ እንዳለ፣ ከጫፉ ጀምራ ወደ ሥሩ እየወጣች ታበጥረዋለች። ደረቅ ፀጉር አይበጠርም፤ ከሥርም አይጀመርም፤ ይህን ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ይሳሳተዋል። ለሥራ ቀን ሁለት ጉንጉን ይበቃታል። ለዒድ ሲሆን በፍም የጋለ ማበጠሪያ ታስተኩሰኝና ፀጉሯን ትጠቀልለዋለች። ቢጎዲን ከድሬዳዋ ካልመጣ አሰበ ተፈሪ አይገኝም፤ ስለዚህ በረንዳችን ላይ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ክሩ ያለቀበትን ማጠንጠኛ ሁሉ ያስቀምጥላት ነበር። በዒድ ዋዜማ ራሷ ላይ ማጠንጠኛ ደርድራ ሱቅ ስትቆም ደንበኞቹ የልብስ ስፌት መኪና ሆነሻል እያሉ ያሾፉባታል። በማግስቱ ግን ፀጉሯ ሲፈታ እነዚያው ሰዎች ዞር ብለው ያዩዋታል።

ዞር ብለው ከሚያዩት አንዱ መቻራ ያለ የጉራጌ ቡና ነጋዴ ልጅ ነበር። በየጊዜው ከአባቱ ቡና ጋር በጭነት መኪና ይመጣል፤ መኪናው እስኪራገፍ ሱቃችን ገብቶ ለሬዲዮ የሚሆን ባትሪ ድንጋይ ይገዛል። በመጣ ቁጥር ባትሪ ድንጋይ። አክስቴ አንድ ቀን ፊት ለፊት፣ ሬዲዮህ ይሄን ሁሉ እየበላ ምን ያወራልሃል ብላ ጠየቀችው። ልጁ አፍሮ ወጣ። በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት እጥፍ ገዛ። ከዚያ ሽማግሌዎች ላከ። አባቴ ነገሩን ተቀበለው፤ የቀረው የልጁ እናት መጥተው አክስቴን ማየታቸው ነበር።

በዚህ መሃል ሚኤሶ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ያላት ዘመዳችን ወለደችና አክስቴ ልትረዳት ወረደች። እዚያ ተስቦ ያዛት። በጭነት መኪና ጋቢና ተደግፋ ስትመጣ አላወቅኋትም። ከአልጋ የተነሣችው ሁላችንም ብዙ ከፈራን በኋላ ነው። ዳነች ብለን በግ ካረድን በኋላ ፀጉሯ መርገፍ ጀመረ። ጠዋት ትራሳችን ላይ የወፍ ጎጆ የፈረሰ ይመስል ነበር። ስታበጥር ማበጠሪያው ሞልቶ ይወጣል። ከግንባሯ በላይና ከጆሮዋ በላይ የራስ ቆዳዋ ታየ፤ የቀረው ሳስቶ እንደ ሕፃን ፀጉር ሆነ። የልጁ እናት በቀጣዩ ሳምንት እንደሚመጡ የተላከብን ይህን ጊዜ ነው።

ልብስ እያጠብን ነው አክስቴ ጭንቀቷን የነገረችኝ። ሌላ ጊዜ ብትሆን ቀልድ ትጨምርበት ነበር፤ ያን ዕለት አልጨመረችም።

«ለፀጉሬ አይደለም የማዝነው» አለች። «እሱን ነው የምፈልገው። እናቱ በሽተኛ ለልጄ አላመጣም ቢሉስ? እኔ ብሆን እል ነበር።»

እናቴ ጎረቤታችንን ጠራች። ጎረቤታችን ጫት ገበያ የሚነግዱ የኦሮሞ ሴት ናቸው፤ በሰፈራችን የሙሽራ ፀጉር ሁሉ በእጃቸው ያልፋል። እኛ ልጆቹ አዴ እንላቸዋለን። አማርኛቸው ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፤ አባቴንም የቀበሌውን ሊቀመንበርም አንተ ይላሉ፤ ማንም አይቀየማቸውም። አዴ የአክስቴን ራስ ወደ ብርሃን አዙረው አዩና ይላጭ አሉ፤ እኩል ሆኖ እንዲበቅል። እናቴ አይሆንም አለች። እንግዶቹ መጥተው የተላጨ ራስ ካዩ ሐዘን ላይ ያለን ይመስላቸዋል። ሻሽ ይታሰር ብትል ደግሞ፣ ሴት ብቻ ባለበት ቤት ልጃገረድ ተሸፍና ስትቀመጥ መጀመሪያ የሚባለው «እስቲ ፀጉርሽን እንየው» ነው።

አዴ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ጥቁር የሱፍ ክር አስመጡ። ክሩን እንደ እንቁላል ሁለት ቦታ ጠቀለሉት። የአክስቴን ፀጉር መሃል ለመሃል ከፍለው ክሩን ከጆሮዎቿ ኋላ አስቀመጡና ያለውን ፀጉር በላዩ አለበሱት፤ ሁሉንም በጥቁር ስስ መረብ ሸፍነው አሰሩት። መረቡ በእኛ አገር ጉፍታ ይባላል። በእውነት ያምር ነበር። የታመመች ሴት አትመስልም፤ ከበፊቱም ይልቅ ፀጉራም መሰለች።

ችግሩ ግን በሐረርጌ ጉፍታ የሚያስሩት ያገቡ ሴቶች መሆናቸው ነው። ልጃገረድ ተሠርታ ታወርደዋለች፤ ያገባች ከጆሮዋ ኋላ ጠቅልላ ትሸፍነዋለች። አሰበ ተፈሪ ያደገ ሰው ከሩቅ አይቶ ይለያል። እኔም ይህንኑ አልኩ።

«አንቺ እዚህ ተወልደሽ ነው የምታውቂው፣ ኢንተላ ቲያ» አሉኝ አዴ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እንግዶችሽ ያገርሽ ሰዎች ናቸው። የጉራጌ ሰው ስለ ጉፍታ ምን ያውቃል? ቆንጆ ነው ይላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይሄዳል።»

እናቴ ሳቀችና እውነት ነው አለች። እሷ ራሷ አዲስ በመጣች ጊዜ ጉፍታ የበዓል ጌጥ መስሏት አንዲት ጎረቤት እንድታስርላት ለምና ነበር። ያኔ አግብታ ስለነበር ማንም አልሳቀባትም እንጂ ትርጉሙን ያወቀችው ቆይታ ነው። እንግዶቹም እንደዚያው ይሆናሉ ብለን ተስማማን። ቡናቸው መቻራ ቢሆንም ልማዳቸው ያገር ቤት ነው ብለን ነበር የምናስበው።

የልጁ እናት ከእህታቸው ጋር መጡ። የመንገዱ አቧራ ቅንድባቸው ላይ ነበር። እናቴ በጉራጊኛ ተቀበለቻቸው። የልጁ እናት ግማሹን መልሰው ግማሹን በሳቅ ሞሉት። መቻራ ነው የተወለድኩት አሉ፤ ጉራጊኛውን የቻሉት ካገቡ በኋላ፣ ከባላቸው እናት ነው። እናቴ ይህን ሰምታም ምንም አልመሰላትም። አዴ የእጅ ውኃ ይዘው ገቡ። የልጁ እናት ቀና አሉና በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመሩ፤ ጤና፣ ልጆች፣ ዝናብ፣ ከብት፣ ጎረቤት፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው፣ እንደ መቻራ አገር፣ እንደ ዳሮ ለቡ ሰው፣ ሳይሰናከሉ። አዴ በወጉ መለሱላቸው፤ ማንቆርቆሪያውን የያዘው እጃቸው ግን ቆመ። ወደ እናቴ አዩ። እናቴም ያን ጊዜ ገባት።

አክስቴን ለማስቆም ጊዜ አልነበረም። ሻይና ሳምቡሳ በትሪ ይዛ ገባች። የልጁ እናት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሳሟትና ወደ እናቴ ዞሩ።

«ማሻአላህ፣ ይቺ ደግሞ የማን ሚስት ናት? ልጅቷንስ መቼ ነው የምናያት?»

«ልጅቷ እሷ ናት» አለች እናቴ፤ ድምጿ ለራሷም የተሰማ አይመስልም።

እህትዬዋ ወደ ልጁ እናት ጆሮ ጎንበስ ብለው በኦሮምኛ፣ ፈት ናት እንዴ፣ ደብቀውን ነው እንዴ አሉ። ቀስ ማለታቸው አልጠቀመም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ኦሮምኛ የማይሰማ ሰው አልነበረም። አክስቴም ሱቅ ቆማ ለምዳዋለች።

ትሪውን አስቀምጣ ቁጭ አለች። እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ መረቡን ፈታችው። አንደኛው የሱፍ ክር ጭኗ ላይ ወደቀ፤ ሁለተኛው ምንጣፉ ላይ ተንከባሎ የልጁ እናት እግር ሥር ቆመ። በቀረችው ስስ ፀጉር መሃል የራስ ቆዳዋ ይታያል።

«አላገባሁም፤ አልፈታሁምም» አለች። «ሚኤሶ ተስቦ ይዞኝ ነው። ያለኝ ይሄው ነው።»

የልጁ እናት ጎንበስ ብለው ክሩን አነሡ። አገላብጠው አዩት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ አዴም ሳቁ፤ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ቋንቋ እየተቀባበሉ፣ ለጉራጌ ብዬ የሠራሁት ነው፣ እኔስ የማን ጉራጌ መስዬሽ ነው ሲባባሉ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ከእህትዬዋና ከአክስቴ በቀር። ሲያበቁ የልጁ እናት አክስቴን ጠርተው ከጉልበታቸው ሥር አስቀመጧትና ራሷን ቡና እንደሚለቅም ሰው በጣታቸው እየከፈሉ አዩት። ሥሩ አልሞተም አሉ። ቅቤ ግን አብዝታችሁ አፍናችሁታል፤ የተራበ ፀጉር ቅቤ አይጠግብም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጣት ጫፍ፣ ቆዳው ላይ ብቻ ይበቃል።

ቀጥለው ወደ እናቴ ዞሩ። ልጃቸው ያመጣው ባትሪ ድንጋይ መደርደሪያ ሞልቷል፤ ሬዲዮናቸው ደግሞ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ይሄን አይቼ ነው ማን እንደሆነች ልይ ብዬ የመጣሁት አሉ። አክስቴ አንገቷን ደፋች። ግን ወዲያው ድምፃቸው ጠንከር አለ። ሰርጉ አሁን አይሆንም። በመቻራ ሙሽራ ስትገባ ሹሩባዋ ይታያል፤ ተሸፍና ብትገባ አገሩ ሁሉ ምን ሆና ነው ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም ከእሷ ጋር ዕድሜ ልኳን ይኖራል። ፀጉሯ ለሹሩባ ሲደርስ ሰርጉን እንቆርጣለን አሉ። እህትዬዋ ሳምቡሳቸውን አልጨረሱም።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የሚኖረው ለዚያ ራስ ሆነ። የማውቀውን የተማርኩት በእነዚያ ወራት ስለሆነ በጥንቃቄ እጽፈዋለሁ። ቁርቁራው ተፈጭቶ በጨርቅ ይነፋ ነበር፤ ስንጥሩ ስስ ቆዳ ይቧጭራል። ፀጉሯን ፀሐይ ላይ አናደርቅም፤ ጥላ ውስጥ፣ በጨርቅ እየተጫንን፣ ሳናሽ ነው። አዴ እሬት ከጓሯቸው ቆርጠው ያመጣሉ፤ ልጡን ገፍፌ ውስጡን የሳሳበት ቦታ እቀባዋለሁ፤ ሲደርቅ በለብ ያለ ውኃ ይታጠባል። ስትተኛ ለስላሳ ሻሽ ታስራለች፤ የጥጥ ትራስ ፀጉር ይሰብራል። ትኩስ ማበጠሪያ ከቤት ወጣ። ሲጀምር አዲሱ ፀጉር እንደ ጤፍ ቡቃያ አጠር አጠር ብሎ ከግንባሯ በላይ ታየ። በጣቴ ስዳስሰው እንደ አዲስ ምንጣፍ ሻካራ ነበር።

ጠዋት ጠዋት መስተዋት ፊት ትቆምና አድጓል ወይ ትለኛለች። ሁልጊዜ አዎ እላለሁ።

«አንቺ መቼም ሰው ለማስደሰት ነው የተፈጠርሽው» ትለኛለች።

እውነቷን ነው። ግን በእርግጥም እያደገ ነበር፤ ቀስ እያለ።

ክረምቱ ገባ። የመቻራ መንገድ ጭቃ ሆነና የቡናው መኪና መምጣት ተወ። ባትሪ ድንጋይ የሚገዛው ልጅም አልታየም። ከገለምሶ የመጣች አንዲት ደንበኛችን ምንም ሳታውቅ አንድ ወሬ አወራች፤ የልጁ አክስት፣ እነዚያ ሳምቡሳቸውን ያልጨረሱት እህትዬዋ፣ ገለምሶ ሌላ ልጅ አይተውለታል። ደህና ቤተሰብ ናቸው አለች፤ የልጅቷ ፀጉር ወገቧን አልፎ ይሄዳል። አክስቴ ስኳሩን መዝና ሰጠቻት፤ መልካም መንገድ አለቻት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን መስተዋት ፊት አልቆመችም። ጥያቄዋም ቀረ። እኔ ግን ቁርቁራውን መበጥበጥ አልተውኩም፤ እሷም አልከለከለችኝም። እንደ ሕፃን ራሷን ትሰጠኝና ዝም ትላለች።

በዚያ ዝምታ ነው አጭር ፀጉር መያዝ የተማርኩት። መጀመሪያ ቆዳው ላይ ቀጭን መስመር በማበጠሪያ ጭራ ይሠመራል። ጣት በእሬት ትንሽ ይርሳል። ሦስት ዘለላ በጣም ትንሽ ፀጉር ከሥሩ ይያዝና ከታች ፀጉር እየተጨመረ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጥፍር ሥራውን ይሠራል እንጂ ኃይል አያስፈልግም። አንድ ረድፍ ሠርቼ እፈታዋለሁ፤ ሠርቼ እፈታዋለሁ። እስከ ማጅራቷ የሚደርስ ረድፍ ግን አልነበረኝም፤ መሃል ላይ ያመልጠኛል።

ክረምቱ ወጣ፤ መንገዱ ደረቀ። በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት የልጁ እናት ብቻቸውን ሱቃችን ደጃፍ ላይ ቆሙ። ለበዓል ጨርቅ ሊገዙ መምጣታቸውን ለእናቴ ነገሯት። እናቴ ጨርቅ ስታወርድ እሳቸው ስለ ዋጋው ጠየቁ፣ ስለ ቡናው አወሩ፣ ስለ ጭቃው አወሩ። ስለ ሰርግ አንዳች አላነሡም። እኔ ከባንኮኒው ኋላ ሆኜ እናቴን አያለሁ፤ እናቴ ጨርቁን ታያለች። ሱቁ ውስጥ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም፤ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን መኪናውን ይረግጣል።

አክስቴ ከጓዳ ወጣች። ሰላምታ ከሰጠች በኋላ ሻሿን ፈትታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ገለምሶ ያለችው ልጅ ፀጉሯ ወገቧን ያልፋል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች። «የእኔ ይሄን ያህል ሆኗል። ከዚህ በላይ በምን ጊዜ እንደሚያድግ አላውቅም፤ ለፀጉርም ብዬ ከዚህ በላይ አልጠብቅም። ልጅዎ የሚፈልገኝ ከሆነ ዛሬ ይንገሩኝ። ካልሆነም ይንገሩኝ፤ አልቀየምም።»

እናቴ ስሟን ጠራች፤ ዝም እንድትል ነበር። አክስቴ አልዞረችም። እንዲህ ያለ ነገር ልጃገረድ ለባል እናት አትናገርም፤ ያውም በሱቅ መሃል፣ ያውም ራሷን ገልጣ።

የልጁ እናት የያዙትን ጨርቅ አጠፉት። ባንኮኒውን ዞረው ገቡና ከግንባሯ በላይ ያለውን በጣታቸው ለኩት። የጣት ርዝመት አይሞላም። ከኋላም አዩት።

«ይሄን ማን ይዞ ይሠራዋል?» አሉ።

«እሷ» አለች አክስቴ፣ ወደ እኔ ሳታይ።

እችላለሁ ብዬ አልነገርኳትም ነበር። አልችልምም ልል ነበር፤ ግን የልጁ እናት ቀድመው የስኳር ከረጢቱ ላይ ተቀመጡና እስቲ ልየው አሉ። እጄን ታጠብኩ። አክስቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። እናቴ የሱቁን አንድ በር ገፋ አደረገችው። መስመሩን አሠመርኩ፤ የመጀመሪያው ዘለላ ከጣቴ አመለጠ። ሁለተኛውም አመለጠ። የስፌት መኪናው ድምፅ ብቻ ይሰማል። አክስቴ እጇን ወደ ኋላ ልካ ቁርጭምጭሚቴን ያዘችኝ። ጣቴን አርሼ እንደገና ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ ያዘ። ከግንባሯ ተነሥቼ፣ የሳሳውን ቦታ አልፌ፣ ከጆሮዋ በላይ ዞሬ፣ እስከ ማጅራቷ ደረስኩ። ቀጭን ነበር፤ ግን አልተቋረጠም። ሁለተኛውን ከጎኑ ጀመርኩ።

ከጥቂት ረድፍ በኋላ የልጁ እናት ከረጢቱ ላይ ሆነው ጎንበስ አሉና እጄን በእጃቸው ነካ አደረጉት።

«ላላ አድርጊው» አሉኝ። «ሙሽራዬ ራስ ምታት ይዟት እንድትገባብኝ አልፈልግም።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አክስቴ አልተነሣችም፤ አልዞረችም። ቁርጭምጭሚቴን የያዘችው እጇ ግን ጠበቀ፤ ትከሻዋም ከእጄ በታች መንቀጥቀጥ ጀመረ። የልጁ እናት፣ አትንቀሳቀሺ፣ መስመሩን ታጣምሚባታለሽ አሏት። እኔም ላላ አድርጌ ሠራሁ።